ከግርዛት በኋላ፦ የሚያስሮጠውና የማያስሮጠው

ወሎ ውስጥ አብዛኛው ወንድ በልጅነቱ ስለሚገረዝ፣ ጎልምሶ የተገረዘ ሰው ነገሩን በሹክሹክታ ነው የሚይዘው። ደሴ ቁስል በማጥብበት ክፍል የማየው ግን ነገሩ ተገልብጦ ነው፤ በማያሳስበው ሮጦ ይመጣል፣ በሚያሳስበው አፍሮ ቤቱ ይቀመጣል።

እብጠት፦ በ2ኛው ወይም በ3ኛው ቀን ስፌቱ አካባቢ ቀለበት መስሎ ያብጣል። ከቆዳው ሥር ፈሳሽ ስለተጠራቀመ ነው። ብልቱን ወደ እምብርት ቀና አድርጎ በፓንት ደገፍ ማድረግ፣ ከላይ ሽርጥ ማገልደም። ጂንሱ ይቆይ።

ቢጫ ስስ ሽፋን፦ ቁስሉ እየዳነ ነው፤ አትፋቁት። መግል ከሆነ ይሸታል፣ ዙሪያው እየቀላ ይሰፋል፣ ትኩሳት ይመጣል። ያኔ ሐኪም ያየው እንጂ ከጎረቤት የተረፈ አሞክሳሲሊን አይዋጥ።

ደም፦ ፋሻው ላይ ጠብታ ቢታይ ምንም አይደል። ከፈሰሰ ግን በንጹህ ጎዝ ዙሪያውን ጨብጦ 10 ደቂቃ፣ ሰዓት እያዩ፣ መያዝ ነው። ሰው አያስችለውም፤ በየደቂቃው ገለጥ አድርጎ ያያል፣ የረጋው ደም ይነሳል፣ እንደ አዲስ ይፈሳል። አንዱ ቡና ነስንሶበት ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት በሚኒባስ ወጥቶ መጣ። ቡናውን ከክሩ መሃል ለማጠብ ብቻ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። ተጨብጦም ካልቆመ ያልታሰረ የደም ሥር አለ፣ መሰፋት አለበት። ለዚህ ደግሞ ዳገት መውጣት አያስፈልግም፤ ኮምቦልቻም ሐኪም ቤት አለ።

ሽንት እምቢ ሲል፦ ሳይሸና 6 ሰዓት ካለፈው፣ ወይም የብልቱ ጫፍ ከጠቆረና ከቀዘቀዘ፣ ብዙ ጊዜ ፋሻው ጠብቆ ነው። በሌሊትም ቢሆን ባጃጅ ጠርቶ መሄድ፤ አይታደርበትም።

ሌሊት ስፌቱን ወጥሮ የሚቀሰቅስ ሕመም፦ ብልት በእንቅልፍ ውስጥ በራሱ ይቆማል፣ ክፉ ሐሳብ አስበው አይደለም። ከመተኛት በፊት መሽናት፣ ሲነቁ ተነስቶ ሲሚንቶው ላይ በባዶ እግር መንጎራደድ። የደሴ ብርድ የሚመሰገነው እዚህ ላይ ብቻ ነው። ፓራሲታሞል ይወሰዳል፤ አስፕሪን ግን የደም መፍሰሱን ያብሳል።

ክሩ በ2 ወይም በ3 ሳምንት ራሱ ይረግፋል፣ አይጎተትም። ግንኙነት ግን ቁስሉ የዳነ ቢመስልም 6 ሳምንት ይጠብቃል፤ ያልጠና ቁስል ይቀደዳል፣ ለኤች አይ ቪም በር ይከፍታል። «ለባለቤቴ ምን ልበላት?» የሚለኝ ብዙ ነው። ይዘሃት ና እለዋለሁ።