ከስታርትአፕ ወደ ትልቅ ድርጅት የሚገቡ ሰዎች የሚሠሯቸው ስህተቶች

«ሥራውን እኮ ጨርሼዋለሁ፤ የቀረው ፊርማ ብቻ ነው።» ይህን በዚህ ዓመት ከሁለት ወጣቶች አፍ ሰምቼዋለሁ። ሁለቱም ባሕር ዳር ውስጥ ጥቂት ሰዎች ባሉበት ስታርትአፕ ሠርተው፣ ብዙ ቅርንጫፍና ብዙ መጋዘን ወዳለው ወደ እኛ ድርጅት የመጡ፣ እጃቸው የፈጠነ ልጆች ናቸው። ትልቅ ድርጅት ውስጥ ግን ፊርማው ራሱ ከሥራው አንዱ ነው። እኔም ይህን የተማርኩት ሌላ ሰው ዋጋ ከፍሎልኝ ስለሆነ፣ የምጽፈውን ከሩቅ ቆሞ እንደሚታዘብ ሰው ንግግር አትቁጠሩብኝ።

የመጀመሪያው ስህተት የሚሠራው ገና የድሮው ቤት ሳይለቀቅ ነው። በአንዳንድ ስታርትአፖች ደመወዝ በእጅ ወይም ከመሥራቹ የግል ሒሳብ ይከፈላል፤ የሥራ ግብርም ጡረታም ሳይቆረጥ ዓመታት ያልፋሉ፤ ሠራተኛውም ገንዘቡ ሳይሸራረፍ ስለሚደርሰው አይጠይቅም። የትልልቅ ድርጅቶች የቅጥር ማስታወቂያ ግን ብዙ ጊዜ ከግርጌው «ከግል ድርጅት የተገኘ የሥራ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑን የሚያረጋግጥ ማስረጃ ይቅረብ» የምትል መስመር አለችው። ከደብረ ማርቆስ የመጣች አንዲት ባለሙያ ይህችን መስመር ማለፍ አቅቷት፣ አራት ዓመት የደከመችበት ልምድ እንዳልነበረ ተቆጥሮ በጀማሪ መነሻ ደመወዝ ስትቀጠር አይቻለሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛው ሲጠይቅ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ ነገር ግን ስታርትአፑ ከፈረሰ በኋላ ማህተሙ የት እንደገባ የሚያውቅ ስለማይገኝ፣ ደብዳቤውን መሥራቹ ስልክ በሚያነሣበት ጊዜ ጠይቁ።

ደመወዝ ስታነጻጽሩም ኪሳችሁ የሚገባውን ውሉ ላይ ከተጻፈው ጋር አታስተያዩ። ከመደበኛው ደመወዝ 7 በመቶ ለጡረታ ይቆረጣል፣ አሠሪው በላዩ 11 በመቶ ይከፍላል፣ የሥራ ግብሩም ለብቻው አለ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። የሌላ ሰው ድርሻ የሆነውን ነገር ሳይጠይቁ ማስተካከል፣ ለእኔ ከሁሉም የከፋው ስህተት ነው። ስታርትአፕ ውስጥ የተሰበረውን ያየ ይጠግነዋል፤ እኔም የአደትንና የመራዊን ገበሬ ከእህል ገዥ ጋር የሚያገናኝ መተግበሪያ ስንሠራ አንድ ቀን ኮድ ጽፌ፣ በማግስቱ ጆንያ ቆጥሬ፣ በሦስተኛው ቀን ለገዥ ደውዬ አድር ነበር፤ «ማን አዘዘህ» ያለኝም አልነበረም። ይህንኑ ልማድ ይዤ ትልቁ ቤት ገባሁ። በሁለተኛው ወር የፍኖተ ሰላም መጋዘን የዱቄት ሒሳብ ሲስተሙ ላይ እጥፍ ሆኖ አገኘሁት፤ ባለ 50 ኪሎው ጆንያ እያንዳንዱ እንደ አንድ ኩንታል ተመዝግቦ ነበር። 620 ጆንያ 620 ኩንታል ተብሏል፤ እውነቱ 310 ነው። የመግቢያ ፈቃድ ስለነበረኝ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ቤቴ ቁጭ ብዬ ቁጥሩን አስተካከልኩት፤ በራሴም ኮርቼ ተኛሁ።

ቁጥሩ ትክክል ነበር። ይሁን እንጂ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ በእጃቸው ጽፈው የፈረሙበት ቢን ካርድ (የዕቃው ገቢና ወጪ የሚመዘገብበት የመጋዘን ካርድ) 620 ይላል፤ ሲስተሙ በአንድ ሌሊት፣ ያለ አንዳች ሰነድ፣ 310 ብሏል። ለኦዲተር ያለ ሰነድ የወጣ ዕቃ ጎደሎ ነው። እኒያ ሰው በዕድሜ አባቴን የሚያክሉ፣ እኛ ሁላችን ጋሼ የምንላቸው፣ ሲቀጠሩ አስተማሪ የሆነውን የእህታቸውን ባል በዋስትና ያስያዙ ነበሩ። ጉዳዩ እስኪጣራ ሦስት ሳምንት ቤታቸው ተቀመጡ፤ ዋሳቸውም በደብዳቤ ተጠራ። ማድረግ የነበረብኝ የማስተካከያ ቅጽ ሞልቼ እርሳቸውን፣ የሒሳብ ሠራተኛዋንና የቅርንጫፉን ሥራ አስኪያጅ ማስፈረም ብቻ ነበር፤ ቢበዛ ሁለት ቀን ይወስዳል። እኔ ቢሮክራሲ እያልኩ የማፌዝበት ወረቀት፣ ለእርሳቸው «ይህን ያደረግሁት እኔ አይደለሁም» ብለው የሚያሳዩት ብቸኛ መከላከያ ነበር። እውነቱን አስረድቼ ነገሩ ተፈታ፤ ማስጠንቀቂያው ግን እስከ ዛሬ ማህደሬ ውስጥ አለ፤ ይገባኛልም። ስለዚህ አንድ ልጅ «ሲስተሙን አስተካክዬልሃለሁ» እያለ እየሳቀ ሲመጣ ፊቴ ለምን እንደሚለዋወጥ አሁን ይገባችኋል።

የቅርብ አለቃን ዘልሎ ሥራ አስኪያጅ ዘንድ መግባት ሌላው ነው። ሥራ አስኪያጁ በትሕትና ያዳምጧችኋል፤ ከዚያም ወረቀቱን «ለክፍሉ ኃላፊ» ብለው ወደዚያው ወደ ዘለላችሁት ሰው ይመሩታል።

ምሪቱን፣ ማለትም አለቃ ወረቀት ጠርዝ ላይ የሚጽፋትን አጭር ትእዛዝ፣ ማንበብ አለመቻል ራሱን የቻለ ችግር ነው። የዋሸራና የጎንጅ ቅኔ ቤቶች ባሉበት አገር ያደገ ሰው ሰሙን ይዞ ወርቁን ሲጥል ማየት ይገርመኛል። ማመልከቻችሁ ጠርዝ ላይ «በደንቡ መሠረት ይፈጸም» ተብሎ ከተመለሰ፣ ፈቃድ ማለት አይደለም፤ ደንቡ ካልፈቀደ ተጠያቂው ፈጻሚው ነው ማለት ነው። «ለጥናት ይመራ» ብዙውን ጊዜ በጨዋ አነጋገር እምቢታ ነው። «ያነጋግሩኝ» ደግሞ በጽሑፍ ሊሰፍር የማይችል ነገር አለ ማለት ስለሆነ፣ በዚያው ቀን ሄዳችሁ አነጋግሩ።

በጀትም አለ። ስታርትአፕ ውስጥ መሥራቹ ከተስማማ ዕቃው ከሰዓት በኋላ ይገዛል። እኛ ዘንድ የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ይጀምርና ሰኔ 30 ቀን ያልቃል፤ በዕቅድ ያልተያዘ ኮምፒውተር የካቲት ላይ የሚጠይቅ ሰው ሦስት ፕሮፎርማ ቢሰበስብም የሚያገኘው «ለቀጣይ ዓመት ይያዝ» የሚል መልስ ነው። ዕቅድ በሚዘጋጅበት በሚያዝያና በግንቦት ዝም ብሎ፣ መስከረም ላይ የሚያማርር ሰው ግን ትዕግሥቴን ይፈታተነዋል።

«እኛ ጋ እንዲህ ነበር» የምትለውን ሐረግ ቢያንስ ለስድስት ወር ከአፋችሁ አታውጡ።

የሙከራ ጊዜው ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፤ በዚህ ጊዜ አሠሪው ለሥራው አልተስማማም ካለ ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት ይችላል። ብዙ ልጆች ግን እነዚህን ቀናት የድርጅቱን አሠራር ለመለወጥ ይጠቀሙባቸዋል፤ ሃያ ገጽ የማሻሻያ ሐሳብ ጽፎ ያመጣልኝ አለ፤ ሐሳቡ ግማሹ ደኅና ነበር፤ ጸሐፊው ግን የመዝገብ ቤታችንን በር ገና አያውቀውም።

ተናድዶ በድንገት መልቀቅም አይሆንም። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት፤ ከዚያም ክሊራንስ፣ ማለትም የድርጅቱ ዕቃም ዕዳም እንደሌለበት በየክፍሉ የሚያስፈርመው ወረቀት አለ። መግቢያው ላይ ከጠቀስኳቸው ሁለት ልጆች አንደኛው ባለፈው ወር ለቀቀ፤ ክሊራንሱን ይዞ ከፋይናንስ ወደ አይቲ፣ ከአይቲ ወደ ሰው ኃይል ሁለት ቀን ተመላለሰ። የመጨረሻው ፊርማ የጋሼ ነበር። ላፕቶፑን ተረከቡት፣ ተከታታይ ቁጥሩን መነጽራቸውን አድርገው ከመዝገቡ ጋር ሁለት ጊዜ አመሳከሩ፣ ከዚያም ፈረሙለትና ሻይ አዘዙለት።