ከ12ኛ ክፍል በፊት ዲግሪ የያዝኩ ጊዜ

አውሮፓ ለማስተርስ ስኮላርሺፕ አመልክቼ ስጠብቅ ኢሜይል መጣ። «ዲግሪዎን የያዙት 12ኛ ክፍልን ከማጠናቀቅዎ 4 ዓመት በፊት ነው፤ በ5 ቀን ውስጥ ያብራሩ» ይላል።

መጀመሪያ ሳቅኩ። ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ሳያቸው ግን ሳቄ ጠፋ። የ12ኛ ክፍል ሰርተፍኬቴ በፈረንጅ አቆጣጠር 2017 ይላል። ትራንስክሪፕቴ ላይ ሐምሌን «ጁላይ» ብለው ተርጉመው፣ ቀኑንና ዓመቱን እንዳለ ትተውታል፦ ጁላይ 3፣ 2013። መሆን የነበረበት ጁላይ 10፣ 2021 ነው።

የዘመን አቆጣጠራችንን የሚያብራራ ደብዳቤ ራሴ ጽፌ ላክሁ። አልተቀበሉትም፤ ከዩኒቨርሲቲው ይምጣ አሉ። ጓደኛዬ «በእስክሪብቶ አስተካክለሽ ስካን አድርጊው» አለኝ። ስርዝ ድልዝ ያለበት ትራንስክሪፕት ፎርጅድ ነው ቢሉኝስ?

ሬጅስትራር ሄድኩ። «ስንቱ በዚህ ወረቀት ሄዷል እኮ!» አሉኝ ሴትዮዋ። ትራንስክሪፕቱን እንደገና ማሠራት ሳምንታት ስለሚወስድ የድጋፍ ደብዳቤ ጠየቅኩ። ሁለቱንም ቀኖች ጎን ለጎን በእንግሊዝኛ አርቅቄ በፍላሽ ይዤ ስለሄድኩ እነሱ የቀራቸው ቁጥር፣ ፊርማና ማኅተም ብቻ ነበር። በዚያው ቀን አለቀ። በከለር ስካን አድርጌ በ4ኛው ቀን ላክሁ፤ ተቀበሉት።

ስታሰሉ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ልዩነቱ ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆቹ ዲሴምበር መጨረሻ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ነው።

ያን ቀን ደብዳቤውን ይዤ ከሬጅስትራር ልወጣ ስል ሴትዮዋ ጠሩኝ። «ልጄ፣ ያን ፍላሽ አምጪው እስቲ፣ ለሌሎቹም ይሆናል።»