የልጆች የዓይን ሞራ፦ ጊዜ የሚያስመልጡን ስህተቶች

«ሞራው ይብሰል» ብሎ መጠበቅ። ስለ ሽማግሌዎች የሰማነውን ለጨቅላም እናውለዋለን። አዋቂ ቢዘገይም ብዙውን ጊዜ ሞራው ሲወጣለት መልሶ ያያል፤ ማየትን ድሮ ለምዶታል። የሕፃን አእምሮ ግን ማየትን የሚማረው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። ያኔ ምስል ካልደረሰው፣ በኋላ ሞራው ቢወጣም ዓይኑ ሰንፎ ይቀራል። ሲወለድ ብሌኑን የሸፈነ ሞራ በአንድ ዓይን ከሆነ በ6 ሳምንት፣ በሁለቱም ከሆነ በ8 ሳምንት ገደማ ቢወጣ ይመረጣል።

ክርስትና እስኪነሳ ቤት መቆየት። ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ነው፤ ይህ ከ11 ሳምንት በላይ ነው። ክርስትናውም ጸበሉም በቦታቸው ይሁኑ፣ ሐኪሙ ግን ይቅደም።

የ45 ቀን ክትባት ላይ ዓይኑን ሳያስመረምሩ መመለስ። እኔን በጣም የሚቆጨኝ ይሄ ነው። ቀኑ ገና ብዙ አልረፈደም፣ እናትም ጤና ጣቢያ ደርሳለች። ጭኑ ይወጋል፣ ካርዱ ይሞላል፣ ፊቱ በነጠላ እንደተሸፈነ ይመለሳል። ምርመራው እኮ ደቂቃ አይፈጅም፦ ክፍሉ ጨለም ይደረግና ሁለቱም ብሌኖች ላይ በመመርመሪያው መብራት ይበራል። ጤነኛ ዓይን ቀላ ያለ ብርሃን ይመልሳል፤ ጥላ ወይም ነጭ ከታየ ወደ ዓይን ሐኪም ይላካል። እንግሊዝ አገር በተወለዱ በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ከዚያም ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይታያሉ። እርስዎም «ዓይኑንም እዩልኝ» ይበሉ።

በስልክ ፍላሽ ሲነሳ ብሌኑ ነጭ ከታየ «ሞራ ነው» ብሎ ቤት መወሰንም አደገኛ ነው። የዓይን ካንሰር ሊሆን ይችላል።

ምርመራ ለሚያዘጋጁ ደግሞ፦ ተማሪዎችን በ«ኢ» ሰሌዳ (የE ፊደል ወዴት እንደዞረ ከርቀት በሚለዩበት) ማየት መነጽር ለሚያስፈልጋቸው ጥሩ ነው። አብሮ ለተወለደ ሞራ ግን 7 ዓመት በጣም ዘግይቷል። ስንት ልጅ እንደታየ መቁጠርም አይበቃም። ከገጠር ወደ ዳግማዊ ምኒልክ፣ ጅማ ወይም ጎንደር ሆስፒታል የተላከ ልጅ የመሳፈሪያና የማደሪያ ገንዘብ ከሌለው ከቤት አይወጣም። ይህ ወጪ ከመጀመሪያው በጀት ውስጥ ይግባ።

የመጨረሻው፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ «ዳነ» ብሎ መቅረት። ሞራው ሲወጣ የዓይኑ ሌንስ አብሮ ይወጣል። በጣም ትንንሾቹ ላይ ሰው ሠራሽ ሌንስ ብዙ ጊዜ ወዲያው አይተከልም፤ ወፍራም መነጽር ያደርጋሉ። ሞራ በአንድ ዓይን ከነበረ ጤነኛው ዓይን በቀን ለተወሰነ ሰዓት ይሸፈናል፣ ደካማው እንዲሠራ። ልጁ ያለቅሳል፣ ይነቅለዋል። አያት «አሳዘነኝ» ብላ ታነሳለታለች። አይነሳ፤ ያንን ሰዓት አጫውቱት። ግላኮማ (የዓይን ውስጥ ግፊት ጨምሮ የማየት ነርቭን የሚጎዳ በሽታ) ከዓመታት በኋላም ሊመጣ ስለሚችል ክትትሉ አይቋረጥም። መነጽሩ ከተሰበረም ቀጠሮ አይጠበቅም፣ በዚያው ሳምንት ይተካ።