ነገ ሳርጋሰም ይመጣል ወይስ ያልፋል?

ፍሎሪዳ፣ ማያሚ ቢች ላይ የሆቴል ወንበርና ጥላ ነው የምዘረጋው። ከሚያዝያ ጀምሮ ጭንቀቴ አንድ ነው፤ ሳርጋሰም። ቡናማ የባሕር አረም ነው፣ ሥር የለውም። ሽንብራ የሚያካክሉ፣ አየር የያዙ ፊኛዎች አሉት፤ የሚያንሳፍፉት እነሱ ናቸው። ዳር ወጥቶ ሲበሰብስ የገማ እንቁላል ይሸታል። እንግዳው ይሸሻል፣ ቲፑም አብሮት።

ማታ ላይ ሆናችሁ የነገውን እንዴት እንደምትገምቱ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የሳተላይት ካርታ እዩ። የሳውዝ ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ያወጣል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ከምዕራብ አፍሪካ እስከ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የሚዘረጋ የአረም ቀበቶ በየዓመቱ ማለት ይቻላል ይታያል። በ2018 ወደ 20 ሚሊዮን ቶን ተገምቷል። ግን ካርታው ብዙ አረም አለ ብሎ ስለቀላ ብቻ አትደንግጡ። እኔ አንዴ ደንግጬ አለቃዬን ተጨማሪ ሰው አስጠራሁት፤ ጠዋት አሸዋው ጥርት ብሎ ቆየን። እስካሁን ይሳቅብኛል።

የሸወደኝ ገልፍ ስትሪም የሚባለው የባሕር ጅረት ነው። ከዳርቻችን ጥቂት ኪሎ ሜትር ራቅ ብሎ ወደ ሰሜን ይጋልባል፤ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። መሃሉ የገባ አረም እኛን ዞር ብሎም አያየን። ወደ ዳር የሚያመጣው የጅረቱ ጠርዝ ላይ ያለ አዙሪት ነው፣ ወይ ነፋስ።

ለአዙሪቱ ፎቅ ወጥታችሁ የውሃውን ቀለም እዩ። ጠቆር ያለው ሰማያዊ ጅረቱ ነው፤ አረንጓዴው የዳር ውሃ። ሁለቱ ሲገናኙ ውሃው ወደ ታች ይሰምጣል፣ ተንሳፋፊው ግን ላይ ይቀራል። ድንበሩ ላይ ቡናማ መስመር የሚሠራው ለዚህ ነው። መስመሩ ቀጥ ካለ ተረጋጉ። ከተጠማዘዘ አዙሪት አለ ማለት ነው። እዚህ ጠርዝ ላይ የሚዞረው ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ ነው፤ በሰሜን ጎኑ አረሙን ወደ ዳር ይገፋል፣ በደቡብ ጎኑ ወደ ውጭ ይወስዳል።

ቀጥሎ ነፋስ። አረሙ ከውሃው ብቅ የሚለው ጥቂት ነው። ስለዚህ ነፋሱ ከፍጥነቱ ከ1 እስከ 3 በመቶ ያህሉን ነው የሚያካፍለው። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ አረሙን በሰዓት ከ200 እስከ 600 ሜትር ይገፋዋል። ትንሽ ይመስላል። ሌሊቱን ለ10 ሰዓት ሲነፍስ ግን እስከ 6 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ባሕሩ ከምሥራቃችን ስለሆነ አረሙን ወደ እኛ የሚገፋው የምሥራቅ ነፋስ ነው። የምሥራቅ ነፋስ ማለት ደግሞ ከምሥራቅ የሚመጣ ነው፤ እኔ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ መስሎኝ አንድ ወር ሙሉ በተቃራኒው ስገምት ከርሜያለሁ።

አረሙ ውሃው ላይ በረድፍ ተሰልፎ ካያችሁ እድለኛ ናችሁ። ረድፉ የሚዘረጋው ነፋሱ በሚሄድበት አቅጣጫ ነው። ኢርቪንግ ላንግሙር፣ በኋላ በኬሚስትሪ ኖቤል የወሰደው፣ በ1927 አትላንቲክን ሲያቋርጥ ይህንኑ አይቶ ነው ማጥናት የጀመረው። ረድፉ ወደ እናንተ ካነጣጠረ መጥረጊያ አዘጋጁ።

ካልተማመናችሁ ብርቱካን ወርውሩ። አብዛኛው አካሉ ውሃ ውስጥ ስለሆነ ጅረቱን ይከተላል። የፕላስቲክ ጠርሙስ ግን እንዳትሞክሩ፤ ነፋስ ይዞት ይሄዳል፣ ቆሻሻም ነው።

ሁሉም ምልክት ከተገጣጠመ፣ ወንበሩን የትናንቱ ከፍተኛ ውሃ ከደረሰበት እርጥብ መስመር በላይ ዘርጉ። አረሙ የሚቆለለው እዚያ ነው።