የእናቴ ግፊትና ትራሱ

እናቴ የደም ግፊቷን የምትለካው ሦስተኛውን ቡና ጠጥታ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ የሹራቧን እጅጌ ወደ ላይ ጠቅልላ ነበር። ማሽኑ 158/94 ሲል ትደነግጣለች። አንዴማ የጎረቤቷን ኪኒን ልትውጥ ስትል ደረስኩባት። እኔ ነርስ ነኝ፤ የራሴን ቤት ግን ረስቼ ነበር።

አሁን የምናደርገው እንዲህ ነው። ከመለካቷ በፊት ለ30 ደቂቃ ቡና የለም። ሽንት ቤት ደርሳ ትመጣለች፤ ሽንት ይዞ መለካት ቁጥሩን ከፍ ያደርጋል። ከዚያ መደገፊያ ባለው ወንበር ላይ 5 ደቂቃ ዝም ብላ ትቀመጣለች። ለእሷ ከባዱ ይኼ ዝምታ ነው። እግሯን አታነባብርም። ክንዷ በልቧ ከፍታ ልክ ማረፍ አለበት፤ ጠረጴዛችን ዝቅ ያለ ስለሆነ ትራስ አደርግላታለሁ። ክንድ ወደ ታች ከተንጠለጠለ ቁጥሩ ያለአግባብ ይጨምራል። የማሽኑ ጨርቅ የሚጠመጠመው በባዶ ክንድ ላይ ነው። ለክንዱ ከጠበበም ያሳስታል።

በ1 ደቂቃ ልዩነት ሁለቴ ለኩ። ጠዋት መድኃኒት ሳይዋጥ፣ ማታ ደግሞ ከመኝታ በፊት፣ ለአንድ ሳምንት። ሁሉንም ደብተር ላይ ጻፉ።

የላይኛው ቁጥር ልብ ደም ስትገፋ ያለው ነው፣ የታችኛው በምቶች መካከል ስታርፍ። ከ120/80 በታች ጥሩ ነው። የሳምንቱ አማካይ 135/85 ከደረሰ ደብተሩን ይዛችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ጤና ጣቢያ ሲለካ መስፈሪያው 140/90 ነው፤ ሰው እዚያ ትንሽ ይጨነቃላ! ከ180/120 ካለፈ ጥቂት አርፋችሁ ድገሙት። ካልወረደ በዚያው ቀን ሐኪም ይያችሁ። የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የሰውነት አንድ ጎን መስነፍ ወይም የንግግር መኮላተፍ ካለ ግን ድጋሚ መለካት አያስፈልግም፤ ቀጥታ ሆስፒታል።

የልብ ምት ማሽኑ ራሱ ያሳያል። በእጅ ከሆነ ጠቋሚና መሃል ጣታችሁን አንጓ ላይ፣ በአውራ ጣት በኩል አሳርፉ። 30 ሰከንድ ቆጥራችሁ በ2 አባዙ። እየዘለለ የሚመታ ከሆነ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ፣ ለሐኪምም ንገሩ። ያረፈ አዋቂ ከ60 እስከ 100 ይመታል። ሯጭ ከ60 በታች ቢሆን አይገርምም። የሚያዞረው ወይም ራሱን የሚስት ሰው ግን ይታይ።

እናቴ አሁን ደብተሩን ራሷ ትሞላለች። ባለፈው ማክሰኞ 146 ከሚለው አጠገብ በትንንሽ ፊደል «ስልክ እያወራሁ» ብላ ጽፋለች።