ንስሐ ለመግባት የሚሻ ሰው ከየት ይጀምር?

ንስሐ ሊገባ የሚሻ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያውቅ የሚገባው፣ ንስሐ የእግዚአብሔር ጸጋ የሚገዛበት ዋጋ አለመሆኑን ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ 2፥4 ሰውን ወደ ንስሐ የሚመራው የእግዚአብሔር ቸርነት መሆኑን ስለሚናገር፣ የመመለስ ፍላጎት በልብ ማደሩ ራሱ ጸጋው ቀድሞ መሥራት እንደ ጀመረ ያሳያል።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 የጠፋው ልጅ ወደ ቤቱ ሲነሣ ለአባቱ የሚለውን አሰናድቶ ነበር፤ የንግግሩም መጨረሻ እንደ ቅጥር ሠራተኛ እንዲቆጠር የሚለምን ነበር። አባቱ ግን ገና ከሩቅ አይቶት ሮጦ አቀፈው፤ ልጁም በደሉን ተናዝዞ ወደዚያ ልመና ሳይደርስ ልብስና ቀለበት እንዲመጣለት ታዘዘ። እንግዲህ በጸሎት ጊዜ መናዘዙ ይቅደም፣ «ይህን ብትምረኝ ያን አደርግልሃለሁ» የሚለው ድርድር ግን ይቅር።

ኑዛዜው በደሉን በስሙ የሚጠራ ይሁን። «ኃጢአተኛ ነኝ» ማለት ለማንም አይከብድም፤ የሚከብደው «ስለ እገሌ ያወራሁት ሐሰት ነው» ማለት ነው። ዳዊት ነቢዩ ናታን ሲገሥጸው ምክንያት ሳይደረድር «እግዚአብሔርን በድያለሁ» አለ። ሥርዓቱ እንደየአብያተ ክርስቲያናቱ በካህን ፊት ወይም በቀጥታ በጸሎት ሊፈጸም ይችላል፤ ሽፍንፍን ኑዛዜ ግን በየትኛውም አይበጅም።

ጸጸትን ከንስሐ ጋር አንድ አድርጎ ማየት ብዙዎችን ያሳስታል። ይሁዳም ተጸጽቷል፤ ንጹሕ ደም አሳልፎ መስጠቱን አምኗል፣ 30ውን ብርም መልሷል፤ ነገር ግን የሄደው ወደ ካህናት አለቆች እንጂ ወደ ጌታው አልነበረም። ጌታውን ሦስት ጊዜ የካደው ጴጥሮስ መራራ ልቅሶ አለቀሰ፤ ኋላም ጌታ በባሕሩ ዳር መቆሙን ሲሰማ ጀልባው እስኪደርስ አልታገሠም፣ ራሱን ወደ ባሕር ጣለ። ስለዚህ ሰው የእንባውን ብዛት ሳይሆን ፊቱን ወዴት እንዳዞረ ይመርምር።

ከዚያ በኋላ የተበደለው ሰው ይካስ። ዘኍልቍ 5፥7 በዳዩ ዋናውን ከአምስተኛ እጅ ጭማሪ ጋር እንዲመልስ ያዝዛል፤ ቀረጥ ሰብሳቢው ዘኬዎስ ግን ከዚያ አልፎ አራት እጥፍ ሊመልስ ቃል ገባ። ይህን የተናገረው ጌታ «ዛሬ በቤትህ እውል ዘንድ ይገባኛል» ካለው በኋላ መሆኑን ልብ ይሏል፤ ካሣው የምሕረቱ ፍሬ ነበር እንጂ መግዣው አልነበረም። ገንዘብ የማይጠግነው በደል ሲሆን፣ ለምሳሌ የሰው ስም ጠፍቶ ከሆነ፣ ሐሰቱ በተነገረበት ጆሮ እውነቱ ይነገር።

ተነሳሒው በዚያው ኃጢአት ዳግመኛ ቢወድቅስ? ጳውሎስ ጸጋ እንዲበዛ በኃጢአት መኖርን አጥብቆ ይከለክላል፤ ሆኖም ጴጥሮስን ሰባ ጊዜ ሰባት ይቅር እንዲል ያስተማረው ጌታ ራሱ ከዚያ ያነሰ አይምርም። የወደቀው ሰው ኀፍረቱ እስኪበርድ ቀናት ሳይቆጥር በዚያው ሰዓት ይመለስ፤ ለውድቀቱ በር የከፈተውንም ልማድ፣ ቦታ ወይም ባልንጀርነት ለይቶ ያቋርጥ።