መሪው ሲከብድ ፓምፑ ላይ ለመፍረድ አትቸኩሉ፦ በአሮጌ መኪና ፓወር ስቲሪንግ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

መሪ ሲከብድ ብዙ ጋራዥ ውስጥ መጀመሪያ የሚሰማው ፍርድ «ፓምፑ ሄዷል» የሚል ነው። ባለመኪናው ወደ መለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ይሮጣል። ያገለገለ ፓምፕ ገዝቶ ያስገጥማል። መሪው ግን ያው ነው። ይሄ ነገር በጣም ያናድደኛል፤ ምክንያቱም ብዙውን ጊዜ ጥፋቱን ለማግኘት ጨርቅ፣ የእጅ ባትሪና ትንሽ ትዕግሥት ይበቃሉ። ፓምፕ መጠርጠር ያለበት መጨረሻ ላይ ነው።

የማወራው በዘይት ስለሚሠራው፣ ማለትም ፓምፕ ዘይት እየገፋ መሪውን ስለሚያቀልበት ፓወር ስቲሪንግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተሠሩት ኮሮላዎችና የዚያ ዘመን ሃይሉክሶች ፓወር ካላቸው ይሄኛው ነው ያላቸው።

ጎማውን ሳያዩ ኮፈን መክፈት

የፊት ጎማ ንፋሱ ከቀነሰ መሪ ይከብዳል። ትክክለኛው ልክ በሾፌሩ በር በኩል የተለጠፈችው ወረቀት ላይ ተጽፏል። መጀመሪያ ጎሚስታ ጋ ጎራ በሉ። ከፋብሪካው ልክ ሰፋ ያለ ጎማ ያስገጠመ ሰውም መሪው ቢከብደው አይገርምም።

ድምፆቹን ማምታታት

መሪ እስከ መጨረሻው ሲጠመዘዝ «ጪይይ» የሚል ስል ጩኸት ከመጣ ቺንጋውን (ፓምፑን የሚያዞረውን ቀበቶ) ጠርጥሩ። ላልቷል፣ ደርቋል፣ ወይም ዘይት ነክቶት ይንሸራተታል። ሞተሩን አጥፉና መሐሉን በአውራ ጣት ጫን በሉት። አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ቢረግብ ደህና ነው፤ ከዚያ በጣም ካለፈ መወጠር አለበት። ድምፁ የሚያቃስት ዓይነት ሆኖ ነዳጅ ሲሰጡት አብሮ የሚጨምር ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ ወይ ዘይት ጎድሏል፣ ወይ አየር ገብቷል። የዘይት ማጠራቀሚያውን ክዳን ከፍታችሁ እዩ። አረፋ ካለ ፓምፑ አየር እየሳበ ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ከማጠራቀሚያው ወደ ፓምፑ የሚሄደው የደረቀ የጎማ ቱቦ ወይም የላላ ማሰሪያው ነው። አንዳንድ ማጠራቀሚያ ታች ላይ ወንፊት አለው፤ ወንፊቱ በቆሻሻ ሲደፈን ፓምፑ ዘይት ያጣና ያንኑ ድምፅ ያወጣል። ያችን ወንፊት አጥቦ መመለስ ምንም ወጪ የለውም።

ዘይቱ የት እንደሚሄድ ሳይጠይቁ መሙላት ብቻ

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ። የመሪ ዘይት ዙሪያውን የተዘጋ መንገድ ውስጥ ነው የሚዞረው። እንደ ነዳጅ አያልቅም። ከጎደለ የሆነ ቦታ ወጥቷል። በየሳምንቱ እየሞሉ መንዳት ፓምፑን በአየር ማስጨረስ ነው።

የሚፈስበትን ቦታ ለማግኘት አካባቢውን በሙሉ በጨርቅ አድርቁ። ሞተሩን አስነሱና አንድ ሰው መሪውን ግራ ቀኝ ያዙርላችሁ። እናንተ በባትሪ እያበራችሁ ተመልከቱ፤ እጃችሁን ብቻ ከቺንጋው አርቁ። ግፊት የሚበዛበት ቱቦ ብረቱና ጎማው የተጋጠሙበት ቦታ ላይ ያልባል። ከፓምፑ ፑሊ ኋላ እርጥበት ካለ የዘንጉ ፓራኦሊ (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው የጎማ ቀለበት) ነው፤ እሱን ብቻ መቀየር ስለሚቻል ፓምፑን አትጣሉት። ከዚያ ሞተሩን አጥፉና፣ የመሪው ሳጥን (የመሪውን መዞር ወደ ጎማዎቹ የሚያስተላልፈው) እንደ ኮሮላው ግራና ቀኝ እጥፍጥፍ የጎማ ሽፋኖች ካሉት ጨመቅ አድርጓቸው። ውስጣቸው ዘይት ከተንቦጫረቀ የሳጥኑ የውስጥ የጎማ ማሸጊያዎች አልቀዋል ማለት ነው። ያኔ አዲስ ፓምፕ ብትገዙም አይጠቅማችሁም።

አሁን ደግሞ ብዙዎችን ግራ የሚያጋባው። ዘይቱ ይጎድላል፣ መሬት ላይ ግን አንድ ጠብታ የለም። የብዙ አሮጌ ቶዮታ ፓምፕ ላይ አንዲት ትንሽ ቫልቭ አለች። መሪ ሲጠመዘዝ ፓምፑ ሞተሩ ላይ ጭነት ስለሚጨምር፣ ሞተሩ እንዳይጠፋ ሚኒሞውን (ነዳጅ ሳይረገጥ የሚዞርበትን ፍጥነት) ከፍ የምታደርገው እሷ ናት። ከሷ ተነስተው ወደ ሞተሩ አየር ማስገቢያ የሚሄዱ ሁለት ቀጫጭን የጎማ ቱቦዎች አሉ። ቫልቯ ስታረጅ ሞተሩ የመሪውን ዘይት በነዚህ ቱቦዎች ስቦ ያቃጥለዋል። ማርሚታው ነጭ ጭስ ይተፋል፤ መሪ ሲጠመዘዝ ደግሞ ይብሳል። ጭሱን ብቻ ያየ ሜካኒክ «ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ነው፣ ሞተር ይውረድ» ሊላችሁ ይችላል። ከመስማማታችሁ በፊት አንዱን ቀጭን ቱቦ ንቀሉና ውስጡን እዩ። ደረቅ መሆን አለበት። በዘይት ከራሰ ሌባው ተገኝቷል። ቱቦዎቹን ከቫልቯ ነቅላችሁ የሞተሩን በኩል በደንብ ድፈኑና የተወሰኑ ቀናት ንዱ። የተጠራቀመው ተቃጥሎ እስኪያልቅ ጭሱ ትንሽ ሊቆይ ይችላል፤ ከቆመና ዘይቱም ካልጎደለ የሚቀየረው ቫልቯ ብቻ ነው። አንዲት ቫልቭ ከሞተር ማውረድ ጋር በምን ይወዳደራል!

ያገኙትን ዘይት መጨመር

የነዚያ ዘመን ቶዮታዎች መሪ የሚወስደው ዴክስሮን 2 ወይም 3 የሚባለውን የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ነው። ሆንዳ ግን የራሱ አለው፤ የካምቢዮ ዘይት አይስማማውም። ክዳኑ ላይ ወይም መመሪያው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። የፍሬን ዘይት መሪ ውስጥ እንዳይገባ ተጠንቀቁ፤ የውስጥ የጎማ ማሸጊያዎቹን ያበላሻል። የመሪ ዘይት ፍሬን ውስጥ ከገባ ደግሞ ፍሬን እስከማሳጣት ይደርሳል፤ ሁለቱን ማጠራቀሚያዎች ሳትለዩ ምንም አትጨምሩ። ዘይቱ ጠቁሮ የተቃጠለ ከሸተተ መጨመር ሳይሆን መቀየር ነው ያለበት።

መቼ እንደሚከብድ አለማስተዋል

«መሪው ከበደኝ» ብቻ ብላችሁ ጋራዥ አትሂዱ። ቆማችሁ ስታዞሩ ከብዶ ነዳጅ ስትሰጡት የሚቀል ከሆነ ቺንጋው ወይም ፓምፑ ደክሟል። ወደ አንድ ጎን ብቻ ከከበደ ፓምፑን ተዉት፤ ጥርጣሬው የመሪው ሳጥን ላይ ነው። ከታጠፈ በኋላ ራሱ ወደ መሐል የማይመለስ መሪ ብዙ ጊዜ የደረቀ ቴስቲኒ (የመሪው ክንድ ከጎማው በኩል የሚጋጠምበት ኳስ) ወይም የመሪው ዘንግ መጋጠሚያ ነው።

የሚለየው ፍተሻ ቀላል ነው። የኋላ ጎማዎቹ ላይ ድንጋይ አድርጉ። ፊቱን በክሪክ አንሱና በጠንካራ መቆሚያ ላይ አሳርፉት። ሞተሩን ሳታስነሱ፣ ቁልፉን ግን ከፍታችሁ መሪውን አዙሩ። ጎማዎቹ አየር ላይ ሆነው መሪው እየተያዘ የሚሄድ ከሆነ ችግሩ ብረት ከብረት ጋር ነው። ዘይትና ፓምፕ ምን አደረጉ?

አየሩን ሳያስወጡ መኪናውን ማስረከብ

ቱቦ ወይም ፓምፕ ከተቀየረ በኋላ ዘይት ሞልቶ ወዲያው ሞተር ማስነሳት አዲሱን ፓምፕ ይጎዳል። ፊቱ እንደተነሳ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ መሪውን ቀስ እያሉ ከዳር እስከ ዳር ደጋግሞ ማዞር ያስፈልጋል። ዘይቱ ሲወርድ ይሞላል። አረፋ መውጣቱን ሲያቆም ነው ሞተሩ የሚነሳው። አሮጌው ፓምፕ ተበልቶ ከሆነ የብረት ብናኙ ቱቦዎቹ ውስጥ ስላለ መጀመሪያ ይታጠቡ። መካኒካችሁ ይሄን ሲሠራ አጠገቡ ቁሙ፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው አይከፋውም።

ቪትዝ ላይ ዘይት መፈለግ

አብዛኛው ቪትዝ የመሪ ዘይት የለውም። መሪውን የሚያግዘው የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ስለዚህ ሲከብድ ዳሽቦርዱ ላይ የመሪ መብራት መብራቱን እዩ፣ የባትሪውን ጫፎች አጽዱ፣ ፊውዙን ፈትሹ፣ ዲናሞው በደንብ መሙላቱን አስለኩ። ጠባብ ቦታ ላይ ቆማችሁ መሪውን ደጋግማችሁ ስታዞሩ ከከበደ ደግሞ የመሪው የኤሌክትሪክ ሞተር ስለጋለ ራሱን እየጠበቀ ሊሆን ይችላል፤ ጥቂት ደቂቃ አሳርፉትና እንደገና ሞክሩ።